የሊቀ መዛግብት ቦዔዝ ርክክብ

መዝገብ ቤት የሌለው መሥሪያ ቤት የለም፤ መዝገብ ቤት ባለበት ሁሉ ደግሞ አንድ ጋሽ ቦዔዝ አይጠፋም። ስሙ ይለያይ እንጂ ሰውዬው አንድ ነው። ከበሩ ትይዩ ይቀመጣል፣ ማኅተሙን በመሀረብ ጠቅልሎ ያስቀምጣል፣ ባለሥልጣንም ይምጣ ገበሬ ቀና ብሎ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ቁጥር አለው?» ቁጥር ከሌለው ጉዳዩ የለም። ጉዳዩ ከሌለ ባለጉዳዩም በእሱ ዓይን ገና አልተወለደም።

የአሶሳው ጋሽ ቦዔዝ የቡለን ተወላጅ ናቸው፤ ሃያ ስድስት ዓመት በአንድ ክፍል፣ በአንድ ወንበር። ሳምሪ ግን የምታውቃቸው በሌላው ሥልጣናቸው ነው። ሊቀ መዛግብት ቦዔዝ፣ የ«ዳቡስን ሲሻገሩ» ድርሰቶች ሁሉ ጠባቂ። ማዕረጉን የሰጠቻቸው ራሷ ሳምሪ ናት። አሶሳ ተወልዳ፣ ሌላ ከተማ ኮምፒውተር ተምራ፣ አሶሳ የተመለሰች የሃያ ስምንት ዓመት ልጅ ናት፤ በማዕረጉ ፊት ለፊት ጠርታቸው አታውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአሥራ ሦስት ዓመት በፊት «ዳቡስን ሲሻገሩ» የሚባል የሬዲዮ ድራማ ነበር። ሹፌሩ ዳምጤ ከነጭነት መኪናው ዳቡስ ወንዝ መሀል ተይዞ፣ ነርሷ ራሕመት ማዶ ቆማ እየተጣራች ሳለ ድራማው ተቋረጠ። ይቀጥላል ተባለ፤ አልቀጠለም። አድማጩ ሁለት ሳምንት ጠበቀ፣ በሦስተኛው ብዕር አነሣ። ከባምባሲ እስከ ኩርሙክ፣ ከቡለን እስከ ግድቡ ሠራተኞች ካምፕ፣ ሰው ሁሉ ራሕመትን ከወንዝ ዳር ለማንሣት ይጽፍ ጀመር። በአንዱ ድርሰት ዳምጤ ዋኝቶ ይደርሳል። በሌላው ራሕመት ትራክተር ተከራይታ ትጎትተዋለች። አንድ የካምፕ ኤሌክትሪሺያን ደግሞ ከግድቡ የመብራት ገመድ ስቦ መኪናውን በኤሌክትሪክ አስነሥቶታል፤ ይህ ድርሰት እስከ ዛሬ ብዙ አንባቢ አለው።

የአድናቂዎቹን ድርሰት የሚሰበስብ ሲጠፋ ጋሽ ቦዔዝ ገቢ ቁጥር ይሰጡት ጀመር። መጀመሪያ በደብተር፣ ቀጥሎም አንድ ዘመዳቸው በሠራላቸው ድረ ገጽ። ደንብም አወጡ። አዲስ ድርሰት የሚጽፍ ሁሉ ከወደደው ከአንዱ ድርሰት የመጨረሻውን አንቀጽ ቃል በቃል ገልብጦ፣ የራሱን ከዚያ ይጀምራል። ይህም «መቀበል» ይባላል። ደንቡ የወጣው ደብተሩ በገበያ ቀን ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የመጨረሻው ገጽ ሁልጊዜ ተቀዶ ይመለስ ስለነበር፣ የጠፋው መጨረሻ በሌላው ድርሰት መጀመሪያ ላይ እንዲገኝ ነው። ድረ ገጽ አይቀደድም፣ ደንቡ ግን እንደጸና ኖረ።

ዘንድሮ ሰኔ ላይ የድሮውን ድረ ገጽ የሚያስተናግደው ድርጅት በሠላሳ ቀን ውስጥ እንደሚዘጋው አስታወቀ። ስድስት መቶ አርባ ድርሰት አብሮ ሊጠፋ ነው። ሳምሪ አዲስ እሠራለሁ ብላ ተነሣች። ደራሲው ራሱ ያስገባል፣ ማሽኑ ይመድባል፣ ያወጣል፣ ምስጋና ይልካል፤ የማንም እጅ አያስፈልግም። የማንም ስትል የማንን ማለቷ እንደሆነ ጋሽ ቦዔዝም አልጠፋቸውም። ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡ።

«ገቢ ቁጥሩ የት ላይ ነው የሚመታው?»

«ማሽኑ ራሱ ይሰጣል፣ ጋሼ።»

«ከየት አምጥቶ?»

«ይቆጥራላ።»

«እኔስ?»

«እርስዎማ ያርፋሉ።»

«ዕረፍት በቅጽ ነው የሚጠየቀው» አሉ።

የእውነትም ሞሉት። የዓመት ፈቃዳቸውን ወስደው መጡ፣ ርክክብ ለማድረግ። ያለ ርክክብ ከእሳቸው እጅ ብጣሽ ወረቀት አይወጣም፤ የተሰበረ ወንበር ሲያስረክቡ እንኳ የእግሩን ቁጥር የሚጽፉ ሰው ናቸው። ስድስት መቶ አርባውን ድርሰት በሦስት ቅጂ ዘርዝረው አመጡ፦ ቁጥር፣ ርዕስ፣ ደራሲ፣ ከማን እንደተቀበለ፣ አስረካቢ፣ ተረካቢ። ሳምሪ በየመስመሩ ፈረመች። ሁለት መቶኛው ላይ ፊርማዋ እያጠረ ሲሄድ ጣታቸውን አሳረፉበት።

«ይኼና የመጀመሪያው ፊርማ የአንድ ሰው ነው?»

«የአንድ የደከመው ሰው ነው፣ ጋሼ። ደግሞ ይኼ ‹ከማን ተቀበለ› የሚለው ለምን ይጠቅማል?»

«ተረካቢ ይፈርማል እንጂ አይጠይቅም።»

ሳምሪ ፈርማ ጨረሰች፣ ሰነዱን መሳቢያ ውስጥ ከተተች፣ ማሽኑንም ለቀቀችው። ለፍጥነት ብላ ከድሮው ድረ ገጽ ላይ እየነቀለ ወደ አዲሱ እንዲያዛውር አዘዘችው። የአንድ ድርሰት ተከታታይ ክፍሎች ተበታትነው ካገኘም አንድ ላይ እንዲያያይዛቸው ነገረችው። ሻይ ጠጥታ ስትመለስ ሥራው አልቋል። ልቧ ሞቅ አለ። ከዚያ ቁጥሩን አየች፦ ሁለት መቶ አሥራ አንድ።

ማሽኑ የታዘዘውን ነው ያደረገው። አንዱ በሚያበቃበት አንቀጽ ሌላው ሲጀምር፣ እነዚህ የአንድ ሰው ጽሑፍ ናቸው ብሎ ሰፋቸው፤ የተደገመውን መጋጠሚያ አንቀጽ አንዴ ብቻ አስቀርቶ፣ ሁሉንም በመጀመሪያው ደራሲ ስም። የኩርሙኩ አይመን፣ የሞተር ሳይክል መለዋወጫ ነጋዴው፣ አሥራ ሁለት ድርሰት ጽፎ አሥራ ሁለቱም አይቶት በማያውቅ የቡለን ገበሬ ስም ወጥተዋል። የብዙ ሰው ስም ከነጭራሹ የለም። የድሮው ድረ ገጽ ደግሞ ተነቅሎ ባዶ ሆኗል። ሳምሪ በጣም አፈረች፤ ለጋሽ ቦዔዝም ደወለች።

ይቆጣሉ ብላ ጠብቃ ነበር፤ አልተቆጡም። ሦስተኛውን ቅጂ በላስቲክ ጠቅልለው መጡ።

«በማሽኑ አትፍረጂ» አሉ። «እሱ ርክክብ አልፈረመም።»

ሦስት ቀን ሙሉ እሳቸው አነበቡ፣ እሷ ቆረጠች። «ቁጥር ሦስት መቶ ሰባት። የባምባሲው ቀጄላ፣ ከኩርሙኩ አይመን የተቀበለ። ‹ዳምጤ ጎማውን ረግጦ ሳቀ› ከሚለው በኋላ ቁረጪ። አንቀጹን ለሁለቱም መልሺላቸው።» ሳምሪ ትቆርጣለች፣ ትመልሳለች፣ ስም ትጽፋለች። በሁለተኛው ቀን አንድ ነገር ልብ አለች፤ ጋሽ ቦዔዝ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ጊዜ ወረቀቱን አያዩም። ዳምጤ የት እንደሳቀ፣ ራሕመት በማን ድርሰት ላይ እንዳለቀሰች በቃላቸው ያውቁታል። በሦስተኛው ቀን ስድስት መቶ አርባው ሞላ። እንደገና ተፈራረሙ፤ እሳቸውም ፈቃዳቸውን ጨርሰው ወደ ወንበራቸው ተመለሱ።

ሳምሪ ተነፈሰች። ድረ ገጹ እንደ ልብ ሠራ። ሁለት ወር ሠራ። ችግሩ፣ የሚጽፍበት ሰው ጠፋ። በድሮው ጊዜ በወር አራት አምስት ድርሰት ይመጣ ነበር፤ አሁን በሁለት ወር ሦስት። ቅር አላት፣ ከዚያ ፈራች። ሰው የማይጽፍበት ከሆነ ያዳነችው ነገር ሬሳ ነው። ከሁሉ ብዙ የጻፈው አይመን ነውና ለእሱ ደወለች።

«ልኬ ነበር፣ ወላሂ» አላት፣ ወንድና ሴት በሚያደባልቀው የኩርሙክ አማርኛው። «በአንድ ሰከንድ ‹ተቀብለናል፣ እናመሰግናለን› አለኝ። ሃያ ገጽ ነው እኮ። እንዴት አነበበው?»

«ማሽን ነው አይመን፤ አያነብም።»

«አያነብም ከሆነ ለምን አመሰገነ?»

ሳምሪ የምስጋናውን መልእክት ከፍታ አየችው።

«ጋሽ ቦዔዝ ሁለት ቀን ያነባል» አለ አይመን። «ከዛ ይደውላል። አንድ ጊዜ ‹ወንዙ ገና ሩቅ ነው፣ ራሕመት ለምን ጫማ አወለቀ?› አለኝ። እኔ መልስ የለኝም። ለሱ መልስ ብዬ ሌላ ድርሰት ጻፍኩ። በዚህ ዓይነት አሥራ ሁለት ሆነ።»

«ለአንተ ይደውሉልህ ነበር?»

«ለሁሉም ይደውላል። አንቺ አታውቅም?»

አታውቅም ነበር። በአሥራ አምስት ዓመቷ አንድ ድርሰት ስትልክ፣ ጋሽ ቦዔዝ በሁለተኛው ቀን በእናቷ ስልክ ደውለውላት ነበር። ማዶ ያለው መንደር ስሙ ማን እንደሆነ ጠየቋት። ያን ስልክ እስከ ዛሬ ይዛው የኖረችው ለእሷ ብቻ የተደወለ ነገር አድርጋ ነው። መጀመሪያ ቅናት ቢጤ ሸነቆጣት። ቀጥላ ስድስት መቶ አርባውን ስልክ አሰበችና ያኔ ጋሽ ቦዔዝን ምን ያህል እንደምትወዳቸው ገባት።

በቃል መጠየቅ ግን ዋጋ እንደሌለው ታውቃለች። ደብዳቤ ጻፈች፦ «ጉዳዩ፦ ድርሰቶች ከመውጣታቸው በፊት በእርስዎ እንዲነበቡ ስለመጠየቅ»። አባሪም አደረገች፤ በአሥራ ሦስት ዓመት ውስጥ የጻፈችውን ሁለተኛ ድርሰት። መዝገብ ቤት ገብታ ሰጠቻቸው። ጋሽ ቦዔዝ ማኅተሙን ከመሀረቡ ፈትተው መቱ፣ ቁጥር ሰጡ።

«በሁለት ቀን ውስጥ መልስ ያገኛል» አሉ።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ነኝ።»

«አየሁሽ። ቀጣይ ባለጉዳይ።»

ሁለት ቀን ስልኳን ከእጇ አልለየችም። በሁለተኛው ቀን ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ጠራ።

«ቦዔዝ ነኝ፣ ከመዝገብ ቤት። ደብዳቤሽ ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል። የሚመለከተው ክፍል እኔ ነኝ፤ ተስማምቻለሁ።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ።»

«ቆይ፣ አልጨረስኩም። ድርሰትሽ ደርሶኛል። ራሕመትን ስንት ሰው አሻግሯታል፣ አንቺ ግን በእግሯ፣ ብቻዋን ነው ያሻገርሻት፤ ጥሩ ነው። ዳምጤ ጋ ስትደርስ ግን ምንም ሳትናገረው አጠገቡ ተቀመጠች። ለምን?»

ሳምሪ ያን ስትጽፍ ለምን እንደሆነ አላሰበችም ነበር።

«ላስብበት፣ ጋሼ» አለች፣ ወረቀትም ፍለጋ ተነሣች።