ክሩ ሲያነበኝ

ትናንት ምሳዬን በልቼ ቤተ ሙከራ ውስጥ ማሽኑ ፊት ቁጭ እንዳልኩ እንቅልፍ ሸለብ አደረገኝና ጉድ አየሁ።

ማሽኑ የዲኤንኤን ክር በኤሌክትሪክ እየሳበ፣ በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች እያሾለከ ያነባል። የሰጠሁት የአክስቴ የዘርፌን የጠወለገ እንሰት ነበር። ሁለት ጊዜ ከሽፎብኝ የቀረኝ ይኸው አንድ ናሙና ነው። አጠውልግ የሚሉት በሽታ ከሆነ አክስቴ ጓሮዋን ሙሉ ነቅላ ልትቀብር ነው፤ ቆፋሪዎቹም ለዛሬ ተቀጥረው ነበር። ጭንቀቴን ያዩት ዘበኛችን ጋሽ ድንቁ ያን ዕለት ጠዋት መርቀውልኛል።

በሕልሜ ክሮቹ ወንበር ይዘው ተቀምጠዋል፤ እኛ ሰዎች ውሃ ውስጥ ተጠቅልለን ተራ እንጠብቃለን። ግድግዳው ላይ አንዲት ቀዳዳ አለች። ለመግባት መጀመሪያ የራስን ጫፍ ማግኘት ያስፈልጋል። የክፍላችን ኃላፊ ጭንቅላታቸው ጠፍቷቸው ሲያስሱ አየሁ፤ እኔም አብሬ ፈለግኩላቸው። ጫፉን ያገኘ ደግሞ ሽው ብሎ ያልፋል። መነጽር ያደረገ ሽማግሌ ክር፣ እንዲህ እየሮጣችሁ እንዴት ላንብባችሁ እያለ ይነጫነጫል። ጋሽ ድንቁማ ካፖርታቸውን እንደለበሱ ያልፋሉ፣ ዞረው ይመጣሉ፣ እንደገና ያልፋሉ። ማንም ተዉ አላላቸውም።

ተራዬ ደረሰ። የአክስቴን እንሰት አቅፌ ስለነበር ወገቤ ላይ ታጥፌ ገባሁና ተቀረቀርኩ። በሳቡኝ ቁጥር ይብሳል። ከኋላዬ ያለው ሰልፈኛ መንገድ ዘጋችብን ብሎ አጉረመረመ። አክስቴን ጉድ ሠራኋት ብዬ እንባዬ መጣ።

ሽማግሌው ክር መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አየኝ።

«አትጎትቷት። ወደ ኋላ መልሷት፣ ራሷ ትፈታለች።»

የኤሌክትሪኩን አቅጣጫ ገለበጡት። ወደ መጣሁበት ተመለስኩ፣ ተዘረጋሁ፣ በጫፌ ገባሁ። ቀስ እያለ ፊደል በፊደል አነበበኝ። እናቴ ፀጉሬን ስትሠራኝ እንደነበረው ደስ አለኝ። በሽታው ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኩት።

«ከአራት ሦስቱ ካፖርት ለባሽ ነው» አለኝ።

ባንኜ ነቃሁ። ክርኔ ኤሌክትሪኩን የሚገለብጠው ቁልፍ ላይ ተጋድሟል፤ ክር ተጠላልፎ የደፈናቸው ቀዳዳዎች በዚያ ተከፍተው ማሽኑ ያነባል። ውጤቱን አየሁት። ከአራት ክር ሦስቱ የሰው ነው፣ ያውም የወንድ። ጠዋት የሆነው ያኔ ትዝ አለኝ። እኔ የተማርኩት ሴት፣ ምርቃቱ ውስጥ ድረስ እንዲገባ ብዬ የናሙናውን ብልቃጥ ክዳን ከፍቼ ይዤላቸው ነበር። እሳቸውም ከልባቸው እንትፍ፣ እንትፍ አሉበት።

የቀረውን ሩብ ደጋግሜ አየሁት። እንሰትና ተራ ሻጋታ ነው፤ አጠውልግ የለበትም። ለአክስቴ ደወልኩና ቆፋሪዎቹን አስቀሪ አልኳት። እልል ስትል ጋሽ ድንቁ ከበር ሰምተው ብቅ አሉ።

«ምርቃቴ ደረሰ፣ ትርሲትዬ?»

«ደረሰ፣ ጋሼ። አሁንም እየተነበበ ነው።»