የጋሽ ኃይሌ ንጹሕ ማሳ

አስቴር ልጄ ናት፤ ቦንጋ የሰብል ተመራማሪ ናት። ጋሽ ኃይሌ ዋጫ አጠገብ ቡና ያላቸው ሞዴል አርሶ አደር ናቸው። ሦስተኛው እኔ ነኝ፤ ምክር የማያልቅብኝ አባቷ።

ሞዴል አርሶ አደር ታውቃላችሁ? ጎብኚ ይመጣል ሲባል የዶሮ እግር ሳይቀር የሚያጥብ ሰው ነው።

አስቴር የቡና ፍሬ የሚበሳውን ጥንዚዛ የሚገድል ሻጋታ አግኝታ የጋሽ ኃይሌን ግማሽ ማሳ ረጨች። ሌላውን ግማሽ ለማነጻጸሪያ ተወችው፤ "እንዳይነካ!" ብላ። ለዚህ ሙከራ ክረምቱን ሙሉ በጭቃ ተመላልሳለች።

ከዞን ጎብኚዎች በሚመጡበት ጠዋት ፍሬውን በምላጭ እየሰነጠቀች መቁጠር ጀመረች። በረጨችው በኩል በሕይወት ያለ ጥንዚዛ የለም። ፈገግ አለች። ወዳልረጨችው ተሻገረች። አሥር ፍሬ ሰነጠቀች፣ ሃያ ሰነጠቀች፤ እዚያም የለም። ወደ ጋሽ ኃይሌ ዞረች።

"ጋሽ ኃይሌ፣ ምን አድርገውበት ነው?"

"ከሱቅ መድኃኒት ገዝቼ ሁሉንም ረጨሁልሽ! እንግዳ ፊት ላዋርድሽ እንዴ?"

"ታዲያ የገደለው የእኔ ሻጋታ ይሁን የእርስዎ መድኃኒት በምን ይታወቃል?"

"መሞቱ አይበቃም እንዴ ልጄ? ደግሞስ ግማሽ ቡናውን ለተባይ የሚተው ሰነፍ ነው ያሉኝ አባትሽ አይደሉም?"

እውነት ነው፣ ብያለሁ። ማነጻጸሪያ ምን እንደሆነ ሳልጠይቅ ስለ ስንፍና ሰብኬያለሁ።

ጎብኚዎቹ መጥተው ለማሳው አጨበጨቡ። ልጄ መዝገቧ ላይ "ሙከራው ተበላሽቷል" ብላ ጻፈች። ቡና የሚያፈራው በዓመት አንዴ ነው። የእሳቸው ትጋትና የእኔ ምክር ተደምረው እሷንም፣ የእሷን ሻጋታ የሚጠብቀውን ገበሬም ሁሉ፣ አንድ ሙሉ ዓመት አስከፈሉ።