ጋሼ ቢሆንስ

ስብሰባ ባለበት ሁሉ አንድ “ቢሆንስ” አይጠፋም። የወላጆች ኮሚቴ ይሁን የሕንፃ ነዋሪዎች ማኅበር፣ ሁሉም ተስማምቶ፣ ቦርሳውን አንሥቶ፣ ከወንበሩ ብድግ ሊል ሲል አንድ እጅ ቀስ ብሎ ይወጣል። “ይሄ ሁሉ ጥሩ ነው፤ ግን እንዲህ ቢሆንስ?”

ለትርፍ ያልተቋቋመው የውዝዋዜ ቡድን ቦርድም የራሱ ነበረው። ጡረታ የወጡ ሊፍት ጠጋኝ ናቸው። ልጃቸው ስትወዛወዝ ሊያዩ መጥተው በዚያው የቦርዱ በጎ ፈቃደኛ ሆኑ፤ ልጅቱ ውዝዋዜውን ትታ ነርስ ሆነች፣ አባት ግን እዚያው ቀሩ። በሌሉበት ሁሉም የሚጠራቸው “ጋሼ ቢሆንስ” እያለ ነበር።

የቦርዱ ሰብሳቢ፣ በሥራዋ ርእሰ መምህርት፣ ስምንት ዓመት ታግሣቸዋለች። እስክሪብቶ ሲዋሱ እንኳ “ክብርት ሰብሳቢ” በሚሉ ሰው ላይ እንዴት ይቆጧል? መጋረጃ ሲገዛ እሳት ቢነሣስ አሉ። ማስታወቂያ ሲለጠፍ ዝናብ ቢመታውስ አሉ። አንድ ጊዜ ለአንድ አዛውንት ደጋፊ የምስጋና ደብዳቤ ሊላክ ሲል፣ ሰውየው ሞተው ቢሆንስ ብለው ጠየቁ። ተደወለ። ሰውየው ደህና ነበሩ፤ መጠየቃቸው ግን ቅር አሰኛቸው።

ነገሩ የከረረው በአዲሱ ትርኢት ነው። አንዲት ተወዛዋዥ ሦስት ሜትር ከፍታ ካለው የእንጨት ርብራብ ላይ ዘላ በአራት ጓደኞቿ ክንድ ላይ ታርፋለች። ጋሼ፣ ርብራቡ በደንብ እስኪመረመር ትርኢቱ በአንድ ሳምንት ይዘግይ አሉ። አሰልጣኙ፣ ጥሪው መበተኑንና አናጢው የታመነ መሆኑን አስረዳ፤ ሲጨርስም “ጋሼ፣ እባክዎ አያሟርቱብን” አለ። ድምፅ ተሰጠ፤ ስድስት ለአንድ ተሸነፉ። ሰብሳቢዋ በር ላይ ጠጋ ብላ፣ ብዙ ደክመዋልና ለጥቂት ጊዜ ቢያርፉ ምን ይመስልዎታል አለቻቸው። ገባቸው። ባርኔጣቸውን አድርገው ሄዱ።

የሚቀጥለው ስብሰባ በአርባ ደቂቃ አለቀ። አባላቱ መምህር እንደቀረባቸው ተማሪዎች እየሳቁ ተበተኑ። ሰብሳቢዋ ግን ቤቷ ገብታ ምን ምን እንደወሰኑ ልታስታውስ ብትሞክር ከዘጠኙ አጀንዳ አራቱ ጠፉባት። ማን ጠይቆ፣ ማን ተከራክሮ! ስድስት ሰው ራሱን ነቅንቆ ነው ያለፈው፤ እሷም ጭምር።

በማግስቱ ከሰዓት ርብራቡን ራሷ ልታይ ወደ አዳራሹ ሄደች። ከርብራቡ ሥር ሁለት ያረጁ ጫማዎች ብቅ ብለዋል። ጋሼ በጀርባቸው ተኝተው፣ መፍቻ ይዘው፣ ቡሎን በቡሎን ይፈትሻሉ። ጥበቃው እንደነገራት ይሄ ሦስተኛ ቀናቸው ነው።

“ምን አገኙ፣ ጋሼ?”

“ምንም። አናጢው ጎበዝ ነው።”

“ታዲያ ሦስት ቀን ሙሉ ለምን ለፉ?”

ተንፏቀው ወጡና ከትከሻቸው ላይ አቧራውን አራገፉ። “እናንተ ምንም የለበትም ብላችሁ አሰባችሁ። እኔ ምንም እንደሌለበት አወቅሁ።”

እሑድ ከሰዓት አዳራሹ ሞላ። ጋሼ ሁልጊዜ የሚቀመጡት ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ነው፤ ለሰብሳቢዋ እሳት ቢነሣ ሰው ለማስወጣት ይመስላት ነበር። ያን ቀን የክብር ወንበሯን ትታ ከጎናቸው ተቀመጠች። ተወዛዋዧ ርብራቡ ጫፍ ላይ ስትቆም ሰብሳቢዋ ዞር ብላ አየቻቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የወንበሩን እጀታ ጨብጠዋል። ምናልባት የራሳቸውንም ልጅ ዝላይ አንድም ቀን አላዩት ይሆናል። ስምንት ዓመት አጠገባቸው ስትሰበሰብ ይህን ፍርሃታቸውን አላወቀችም።

“ወረደች?” አሉ በሹክሹክታ።

ሰብሳቢዋ እጇን በእጃቸው ላይ አሳረፈች። “ወርዳለች፣ ጋሼ። ይዘዋታል። እየሳቀች ነው።”

ረጅም ትንፋሽ አወጡ። ከዚያ ማጨብጨብ ጀመሩ፤ አዳራሹ አጨብጭቦ ዝም ካለ በኋላ፣ ብቻቸውን። ሰዎች ዞረው አዩአቸው። ሰብሳቢዋም አብራቸው አጨበጨበች።