የሃምሳ አራት ዓመቱ የጡት ልጅ

ከአገራችን ርኅራኄ ጠፋ እያለ የሚያማ ሁሉ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ወርዶ አቶ ሉልሰገድን ይመልከት። እኚህ የሃምሳ አራት ዓመት ሰው፣ በአንድ መሥሪያ ቤት የክፍል ኃላፊ፣ ባለ ሦስት መኝታ ቤት ባለቤት ሆነው ሳለ፣ ባለፈው ሰኔ «እናት አማረኝ» ብለው ተነሱ።

እርግጥ ነው፣ በዚያው ሳምንት ሰፈሩ ሊፈርስ ነው፣ የቀበሌ ቤት ላለው ምትክ ኮንዶሚኒየም ይሰጣል፣ ለልጅም ይተላለፋል የሚል ወሬ ተሰምቷል። እማማ ንግስቲም ልጅ የሌላቸው፣ በዚሁ ሰፈር በአንዲት ጠባብ የቀበሌ ቤት የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። እነዚህን ሁለት ነገሮች ማገናኘት ግን የምቀኛ ሥራ ነው።

ጉዲፈቻው በባህሉ መሠረት ተፈጸመ። ሽማግሌዎች ተቀመጡ፣ እማማ ንግስቲ አውራ ጣታቸውን ማር ነክረው ዘረጉ፣ አቶ ሉልሰገድም መነጽራቸውን አውልቀው፣ ተንበርክከው ጠቡ። አፋቸውን ጠርገው የእናትና ልጅ ትስስር ለዘላቂ ልማት ስላለው ፋይዳ ሰፊ ንግግር አደረጉ። ማሩን ያመጣው የእማማ ንግስቲ ጎረቤት፣ ልብስ ሰፊው ዘይኑዲን፣ ሕፃኑ ማሰሮውን ሊጨርስ ምንም አልቀረውም ሲል መስክሯል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ «እርስዎ» ቀርቶ «አንቺ እማዬ» ሆነ። እማማ ንግስቲ ከልባቸው ደስ አላቸው። ቤቱ ሲፈርስ የት እወድቃለሁ እያሉ ሲጨነቁ ከርመዋል፤ ልጅ ብለው የሚጠሩት ሰውም ኖሯቸው አያውቅም።

የምትክ ቤቱ ምዝገባ ቀን እናትና ልጅ ተደጋግፈው ወረዳ ሄዱ። ልጅየው ሽማግሌዎች የፈረሙበትን የጉዲፈቻ ውል በክብር ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። መዝጋቢዋ ትርሓስ አንብባ ቀና አለች።

«ጧሪ ልጅ አላቸው ማለት ነው?»

«አንድ ለእናቱ ነኝ» አሉ አቶ ሉልሰገድ፣ ደረታቸውን ነፍተው።

«የራስዎ ቤት አለዎት?»

«ባለ ሦስት መኝታ።»

ትርሓስ መመሪያውን ገለጠች። ምትክ ቤት የሚሰጠው መጠጊያ ለሌለው ነው፤ ቤት ያለው ልጅ ያላት እናት ግን ከልጇ ጋር ትኖራለች። እንኳን ደስ አላችሁ ብላ ማኅተሟን መታች።

አቶ ሉልሰገድ ቀስ ብለው ወደ እናታቸው ዞሩ። «እንግዲህ እርስዎ… እኛ እኮ በደንብ እንኳ አንተዋወቅም።»

እማማ ንግስቲ ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሥተዋል።

«ምነው ልጄ፣ አንቺ በለኝ እንጂ። መኝታዬን ፀሐይ በሚገባበት በኩል አድርግልኝ። የማሩንም ማሰሮ ይዤ እመጣለሁ፤ ገና ጡት አልጣልክም።»