ጊዮርጊስ ደጅ ሲደርስ የሚጠፋው ሞተር

የኤሌክትሪክ ብልሽት ዓይነ አፋር ነው። ሰው ሲያየው ይደበቃል። ሌሊቱን ሙሉ ሲያስለቅሳችሁ ያደረ ጥርስ ጤና ጣቢያ በር ላይ ስትደርሱ ጸጥ እንደሚል ታውቁ የለ? እንደዚያ ነው። ካቻቢቴ ይዛችሁ ስትቀርቡት "ኧረ እኔ ደህና ነኝ!" ይላችኋል፤ ካቻቢቴውን ኪሳችሁ ስትከቱት እንደገና ይሞታል። ይህን ያገኘሁት ከትምህርት ቤት አይደለም። እኔ ኤሌክትሪክን የተማርሁት ከስልክ ላይ ቪዲዮና ከተቃጠሉ ዕቃዎች ነው። በተለይ ከተቃጠሉት።

መጀመሪያ ሥራዬን ላስተዋውቃችሁ። እዚሁ ንፋስ መውጫ፣ ሁለት ሰው ፊትና ኋላ ሆኖ የሚቀመጥባት፣ በባትሪ የምትሄድ ሳይክል ሠርቻለሁ። ፊቷ ከአንድ አሮጌ ሳይክል፣ ኋላዋ ከሌላ አሮጌ ሳይክል ነው፤ በብየዳ ያጋባኋቸው እኔ ነኝ። ሞተሯ ከባሕር ዳር የመጣ፣ ባለቤቱ የጣለው የኤሌክትሪክ ስኩተር ሞተር ነው። ለምን ለሁለት ሰው? ጥሩ ጥያቄ። ለሰው የምመልሰው ስለ መተጋገዝና ስለ አብሮ መኖር ነው። እውነቱን ለእናንተ ብቻ ልንገራችሁ፤ ብረቱን የማሳጥርበት መቁረጫ አልነበረኝም።

ሞተሩ ሃያ አራት ቮልት ይፈልጋል፤ አንድ ባትሪ ደግሞ አሥራ ሁለት ነው። ስለዚህ ሁለት ባትሪ ይጠመዳል። በአንድ በሬ ያረሰ ካለ ይንገረኝ! አንደኛው ባትሪ የራሴ ነው። ሁለተኛው ግን፣ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከሁለተኛው ነው፣ የአባቴ ነው።

የአባቴ ባትሪ መብራት ሲጠፋ ቴሌቪዥን የሚከፍትበት ነበር። ሐኪም "ለጨጓራህ ስትል ጠላ ተው" ካለው ወዲህ አባቴ የሚያመሸው እቤት ነው። እናቴ የሐኪሙን ትእዛዝ ከሐኪሙ በላይ ታስከብራለች፤ እትዬ ብርቄ ጠላ ቤት ያለበትን መንገድ ዞር ብሎ ማየት ራሱ የሚያስጠይቅ ሆኗል። ለአባቴ የቀረው ደስታ ዜና ብቻ ነበር። ባትሪውን ስፈታበት እሱንም ወሰድሁበት።

አንድ ማታ በጨለማ እንደተቀመጠ ፍርዱን ተናገረ። ቅዳሜ አባ ላቀውን ገበያ አድርሼ ልመልስ፤ መንገድ ላይ ሳይክሏ ካልቆመች ባትሪው የእኔ ይሆናል። ከቆመች ግን እዚያው ፈትቼ ተሸክሜው ልመጣ። "ደግሞ 'ይሄ ሽቦ እኮ እንዲህ ሆኖ' እያልህ እንዳታስረዳኝ!" አለኝ። ልብ በሉ፤ ባትሪውን ማጣት አንድ ነገር ነው፣ ማስረዳትን መከልከል ግን ለእኔ ከእስር አይተናነስም።

አባ ላቀው የነፍስ አባታችን ናቸው። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው መጓጓዣ ይፈልጋሉ፤ አባቴ ደግሞ የማይዋሽ ምስክር ይፈልጋል። ሳይክሏን ዙሪያዋን ዞረው አዩና "የእኔ መቆሚያ የታለ?" አሉ። ፍሬኑ ከፊት ባለው ሰው እጅ ነው አልኋቸው። "ነፍሴን ላንተ አስረክቤ? በል ተወኝ፣ በእግሬ አዘግማለሁ!" አሉኝ። ደግነቱ ስኩተሩ ሁለት የፍሬን እጀታ ነበረው። አንዱን ከፊት፣ አንዱን ከኋላ፣ በአባ ግራ እጅ በኩል አሰርሁ። ተደሰቱ፤ ባረኩኝም።

ሐሙስ ለሙከራ ወጣን። እንዴት አማረብን! ሞተሩ ዝም ብሎ ይሄዳል፣ የአባ ነጠላ ከኋላ ይውለበለባል፣ የባጃጅ ሹፌሮች አንገታቸውን አውጥተው ያያሉ። ጊዮርጊስ ደጅ ስንደርስ ሞተሩ ጸጥ አለ።

ወርጄ ተንበረከክሁ። ባትሪውን በቴስተር ለካሁ፤ ሙሉ ነው። አንድ የላላ የመሰለኝን ሽቦ ጠበቅ አድርጌ በናስትሮ ጠቀለልሁና ተነሣሁ፤ ሞተሩ ነቃ። "አገኘሁት አባ! ሽቦ ነው!" አልሁ። ማርያም ደጅ ስንደርስ እንደገና ጸጥ። ተንበረከክሁ። ፊውዙን አውጥቼ፣ እፍ ብዬ መለስሁት፤ ነቃ። "አገኘሁት አባ! ፊውዝ ነው!" ስንመለስም ማርያም ደጅ ቆመች፣ ጊዮርጊስ ደጅ ቆመች። በአንድ ቀን አራት ብልሽት አግኝቼ አራቱንም ጠገንሁ። እንደ እኔ ያለ ባለሙያ የት ይገኛል?

ወሬው ከሳይክሏ ቀድሞ ገበያ ደረሰ። ጊዮርጊስ ደጅ ጧፍ የሚሸጡት እማማ ጥሩ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው "ወይ ሰማዕቱ! ብረት እንኳ ያውቅሃል! የማያውቅህ ይሄ የባጃጅ ሹፌር ነው፣ አቧራውን እየነፋብህ የሚያልፈው!" አሉ። የባጃጁ ሹፌርም "እማማ፣ የእኔም ቢበላሽ እዚሁ እሳለም ነበር" ብሎ መለሰላቸው። ሳቁ። እኔ ግን ሳቅ ከየት ይምጣ? ኤሌክትሪክ ደብር ከደብር አይለይም፤ ይህን ማንም ያውቃል።

ጓደኛዬን ይርጋን ከኋላ አስቀምጬ ሞከርሁ። ሁለቱንም ደጅ እንደ ንፋስ አለፍናቸው። ክብደት ነው እንዳልል ይርጋ የአባን እጥፍ ይመዝናል። ታዲያ አባ ላይ ያለው፣ ይርጋ ላይ የሌለው ምንድን ነው? አሰብሁ፣ አሰብሁና የብረት መስቀላቸው ትዝ አለኝ። ብረት፣ መግነጢስ፣ ሞተር! ሮጬ ሄጄ ቅዳሜ መስቀሉን እኔ ልያዝልዎት ብላቸው ከላይ እስከ ታች አዩኝና "መጀመሪያ ቅስና ተቀበል" አሉኝ።

አንድ መላ ብቻ ቀረኝ። ሞተሩን የሚያዝዘው ሣጥን ያለው ከኋለኛው ኮርቻ ሥር ነው። ከፊት ሆኜ ስለማላየው፣ ጭስ እንኳ ቢወጣ ላየው ብዬ ከባጃጅ የወለቀ መስታወት መሪው ላይ አሰርሁ።

ቅዳሜ ደረሰ። አባቴ እንደ ዳኛ ባጃጅ ተሳፍሮ ከኋላ ይከተለናል። ልቤ ከሞተሩ በላይ ይሠራል። ጊዮርጊስ ደጅ ስንቃረብ ዓይኔን ከመስታወቱ አልነቀልሁም። ጭስ የለም። የእሳት ብልጭታ የለም። አባ ላቀው ግን በቀኝ እጃቸው አማተቡ፣ ዝቅ ብለው ሰገዱ፤ ግራ እጃቸው የፍሬኑን እጀታ ለስለስ አድርጎ ጨበጠ። ሞተሩ ጸጥ አለ።

አሁን ማስረዳት ያለብኝ ነገር አለ። እጀታው ውስጥ ምስር የምታህል ማብሪያ ማጥፊያ አለች። ፍሬኑ ገና ጎማውን ሳይነካ ሞተሩን "ተው" ትለዋለች፤ ሞተር እየገፋ ፍሬን ቢይዝ አንዱ ሌላውን ይበላዋላ። ሽቦዋን የቀጠልኋት በገዛ እጄ ነው። ለመንገደኛው ሁሉ ሳስረዳ የምውል ሰውዬ ይህችን አንዷን ለራሴ ማስረዳት ረሳሁ።

"አባ፣ ምን እያደረጉ ነው?" አልሁ።

"እየተሳለምሁ ነዋ! ታዲያ የጊዮርጊስን ደጅ እንደ ጠፋ በግ ፈላጊ እየሮጥሁ ልለፈው?"

"ፍሬኑንስ?"

"መቆሚያዎ ነው ብለህ የሰጠኸኝ አንተ አይደለህ? ቤተ ክርስቲያን ሲደርሱ ይቆማል።"

"ታዲያ ያን ሁሉ ጊዜ ሽቦ ስፈታ ምነው ዝም አሉኝ?"

ገረማቸው። "ሽቦ ነው እንዴ? እኔ እኮ በቆምን ቁጥር ወርደህ ስትንበረከክ አይ፣ 'የዛሬ ልጅ እንዲህ ያለም አለ' ብዬ እግዚአብሔርን አመሰገንሁ። ስንት ጊዜ መስቀሌን አንሥቼ ባርኬሃለሁ!"

ይህን ጊዜ አባቴ ከባጃጁ ወርዶ "ባትሪውን ፍታ" አለኝ። መከልከሌን ረስቼ አስረዳሁት። ዓይኑ ፈጠጠ። "የነፍስ አባቴን በሽቦ ታማለህ? እሳቸው ናቸው ያበላሹት በለኛ!" አባ ላቀው "እውነቱን ነው፣ የያዝሁትስ ይዣለሁ" ቢሉትም እኔን ለማዳን የሚዋሹ መሰለው። የማይዋሽ ምስክር ብሎ የመረጣቸው ራሱ መሆኑን ማን ያስታውሰው? በመጨረሻ አባ በባጃጁ ገበያ ሄዱ፤ አባቴ "እኔ ራሴ አየዋለሁ" ብሎ ከኋላ ኮርቻ ላይ ወጣ።

"ይሄን እንዳትነካው ነው የምትለኝ?"

"አዎ አባዬ። ነካ ካደረግኸው ሞተሩ ይጠፋል።"

"ነካ ብቻ?"

"ነካ ብቻ።"

"ከፊት ያለው ሰውስ አያውቅም?"

"በምን ያውቃል? ከውጭ የሚያይ ሰው ሁሉ ተበላሸ ነው የሚለው" አልሁና ስለ ማብሪያ ማጥፊያዋ የቀረውን ሁሉ ጨምሬ አስረዳሁት። አባቴ በሕይወቱ እንደዚያ በጥሞና ሰምቶኝ አያውቅም። ደስ አለኝ።

ሄድን። ማርያም ደጅ አባቴ ሁለት እጁን ከፍ አድርጎ ተሳለመ፤ ሳይክሏ ሳትቆም አለፈች። ባትሪው የእኔ ሆነ! እንዲህ እያልሁ በደስታ ስታጠፍ፣ እትዬ ብርቄ በር ላይ ሞተሩ ጸጥ አለ።

መስታወቱን አየሁ። የአባቴ ግራ እጅ እጀታው ላይ ነው። ፊቱ ግን ወደ ሰማይ ነው፤ ዝናብ ይመጣ እንደሆነ የሚመረምር ገበሬ ይመስላል።

"ምን ሆነ?" አለኝ።

የማስረዳው ሁሉ አፌ ላይ መጣ። ዋጥሁት። "እንጃ፣ አባዬ" አልሁ።

"አየህ! ነግሬህ ነበር። እስክትጠግነው ጥላ ሥር አረፍ ልበል። አትቸኩል ታዲያ፣ ረጋ ብለህ እየው።" በሩን ዝቅ ብሎ ገባ። ከውስጥ የእትዬ ብርቄ "ምነው ጠፋህ፣ ጋሼ!" የሚል ድምፅ ሲሰማ እሱ እንደገና ብቅ አለ። "ባትሪውን ግን አትንካው፤ ጥፋቱ ከእሱ አይደለም። እናትህ ከጠየቀችህ ደግሞ ኤሌክትሪክ ነው በላት።"

ካቻቢቴዬን አወጣሁ። መንገደኛ ያየናል፤ የሆነ ነገር መፍታት አለብኝ። ተንበርክኬ ደህናውን ሽቦ ስፈታ፣ ስገጥም፣ ስፈታ፣ አባ ላቀው በባጃጅ ከገበያ ሲመለሱ አዩኝ። ፊታቸው በራ፤ መስቀላቸውን አወጡና ሊባርኩኝ አነሡ። ከዚያ የተንበረከክሁበትን በር ቀና ብለው አዩ። መስቀሉን ቀስ ብለው ወደ ኪሳቸው መለሱት።