ለአህዮች የተቆረጠ አንድ ፓውንድ

የከተማችን የርኅራኄ ታሪክ ያለ ግምት ሊጻፍ የሚችል ነው፤ የጀመረበት ቀን፣ ሰዓትና የወለድ መጠን በትክክል ይታወቃልና። ቀኑ በጸደይ መግቢያ አንድ ማክሰኞ፣ ሰዓቱ ከምሳ በኋላ፣ ወለዱም አምስት በመቶ ነበር።

የዚህ ርኅራኄ አባት ከማዘጋጃ ቤቱ የፍሳሽ ክፍል በጡረታ የተሰናበቱት ሚስተር ኖርማን ቲንዳል ናቸው። በዘጠኝ ባንኮች ወለድ የሚከፍሉ ዘጠኝ ተንቀሳቃሽ ሂሳቦች አሏቸው። ባንኮቹ የሚፈልጉት ደመወዝተኛ ደንበኛ ስለሆነ፣ ያችው አንድ ሺህ አምስት መቶ ፓውንድ በየወሩ ከአንዱ ወደ ሌላው ትዞራለች፤ ዘጠኙም የሰውዬው ደመወዝ ናት ብለው ያምናሉ። ነዳጅ የሚቀዱት ሃያ ማይል ርቀው ነው። ካርዳቸው ከከፈሉት ላይ ከመቶ ሦስት የሚመልስላቸው እዚያ ብቻ ነው። የመንገዱን ነዳጅ የሚያነሳባቸው ሰው አርቆ አሳቢ አይደለም።

ታዲያ ባንኮቹ አዲስ ግዴታ አመጡ፦ አምስት በመቶው ወለድ እንዲከፈል ከእያንዳንዱ ሂሳብ በየወሩ ሁለት ክፍያ በራሱ መቆረጥ አለበት። አሥራ ስምንት መሆኑ ነው። ቤቱ ቢገላበጥ፣ ከጋዝ እስከ ስልክ፣ ሰባት ብቻ ተገኘ።

«አሥራ አንድ ይጎድለኛል» አሉ ለሚስታቸው ለጆይስ።

«ሌላ ሚስት አግባ። እሷም ስልክ አታጣም።»

«ቀልዱን ተይውና፣ ትንሽ ቢሰጡት ቅር የማይለው ማን ነው?»

ጆይስ ቅዳሜ ቅዳሜ የአህዮች መጦሪያ ሄዳ ጋጣ ትጠርጋለች። ክሌመንት የሚባለውን የሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ዓይና አህያ ከዘመዶቿ አስበልጣ ትወዳለች። «መጦሪያው አንድ ፓውንድም ይቀበላል» አለች በየዋህነት። በዚያው ማክሰኞ ሚስተር ቲንዳል አሥራ አንድ ጊዜ የአህዮች ደጋፊ ሆኑ።

ጥበብን መደበቅ ነውር ነውና በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ንግግር አደረጉ። «ወዳጆቼ፣ አህያን የረዳ አምስት በመቶ ያገኛል።» አዳራሹ በስሜት ተዋጠ። በሦስት ወር ውስጥ የመጦሪያው ደጋፊዎች አራት መቶ አሥራ ሁለት ደረሱ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ያሉት አበው የኛን ከተማ አላዩም።

የመጦሪያው ባለቤት ሚስ ሒልዳ ሩድኪን ደግሞ በጨዋ ደንብ ያደጉ ናቸው። የሰጠን ሳያመሰግኑ አያድሩም። ለእያንዳንዱ ስጦታ በየወሩ፣ በእጃቸው የጻፉትን የአህያ ሥዕል ያለበት ካርድ በፖስታ ይልካሉ። ስጦታው አንድ ፓውንድ፣ ካርዱ ከነቴምብሩ አንድ ፓውንድ ከአርባ።

«ለባሌ እንኳ አሥራ አንድ ከሚልኩ፣ አንድ ይበቃል» አለቻቸው ጆይስ።

«አሥራ አንድ ጊዜ ለሰጠ ሰው አንድ ጊዜ አመሰግናለሁ? ካንቺ አልጠበቅሁም፣ ልጄ።»

በመከር ወራት ድርቆሽ ሻጩ ዱቤ ከለከለ። ሚስ ሩድኪን ለአራት መቶ አሥራ ሁለቱም ጻፉ፦ አሥር አሥር ፓውንድ ካልተገኘ መጦሪያው በወሩ መጨረሻ ይዘጋል፤ አህዮቹም ይከፋፈላሉ። አንድ ዓይና ሽማግሌ አህያ የሚወስድ ግን አይገኝም፤ እሱን የሚጠብቀው የእንስሳት ሐኪሙ መርፌ ነው።

«አሥር ፓውንድ ነው፣ ኖርማን።»

«ለበጎ አድራጎት በካርድ ሲከፈል ተመላሽ የለውም። ደውዬ አጣርቻለሁ።»

«ክሌመንትን ሊገድሉት ነው እኮ።»

«ከልቤ አዝናለሁ። ለነገሩ ከማንም በላይ የማዝነው እኔ ነኝ፤ አሥራ አንድ ጊዜ ደጋፊው ነኝ።»

ጆይስ ለጸጉር መሠሪያ ያስቀመጠችውን ሠላሳ ፓውንድ ይዛ ወጣች። ከሷ ሌላ የሰጠ አልነበረም።

በዚያው ሳምንት ባንኮቹ፣ አህዮቹን ሳያማክሩ፣ የሁለቱን ክፍያ ግዴታ አነሱ። እስከ ሐሙስ ድረስ አራት መቶ አሥራ ሁለቱም ደጋፊዎች ስማቸውን አሰረዙ፤ የከተማችንን ርኅራኄ መሰረዝ በነፍስ ወከፍ አምስት ደቂቃ ፈጀ።

በወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ጆይስ በሩን ቁልፍ ተንጠልጥሎበት አገኘዋለሁ ብላ እያለቀሰች ወደ መጦሪያው ሄደች። ክሌመንት ድርቆሽ ያላምጣል። ሚስ ሩድኪን ወገባቸውን ይዘው ቆመዋል።

«ምን ተገኘ?» አለች።

«ምንም። የማመሰግነው ሰው ጠፋ» አሉ ሚስ ሩድኪን። «በሠላሳ ፓውንድሽ ድርቆሽ ገዛሁ። የቀረውን ጎብኚ በሩ ላይ ባለው ሣጥን ውስጥ የሚጥለው ሳንቲም ሸፈነው፤ ድሮም የሚያኖረን እሱ ነበር። ሲያከስረን የኖረው ቴምብሩ ነው።»

ለገና ጥቂት ሲቀረው አንድ አዲስ ባንክ ስድስት በመቶ እከፍላለሁ አለ፤ ሁለት ክፍያ ግን በየወሩ ይቆረጥ። ሚስተር ቲንዳል የክፍያውን ቅጽ ይዘው መጦሪያው ደጅ ከተፍ አሉ። ሚስ ሩድኪን በሩን ሳይከፍቱ፣ በላዩ ላይ ተደግፈው ተቀበሏቸው።

«ሚስተር ቲንዳል፣ እባክዎ አይርዱን።»

«ሁለት ጊዜ አንድ ፓውንድ ብቻ ነው።»

«አውቃለሁ። እርስዎ እንዳይረዱን፣ ሌላውም እንዲረዳን እንዳይሰብኩ፣ በየወሩ ሁለት ፓውንድ ብንከፍልዎስ?»

ሚስተር ቲንዳል ክብሩ እንደተነካ ሰው ፊታቸው ቀላ። ከዚያ ቅጹን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

«በወሩ መጀመሪያ ቀን ይገባል?»

«ይገባል።»

«በራሱ?»

«በራሱ።»

በበሩ ላይ ተጨባበጡ። ከዚያን ቀን ወዲህ በከተማችን አሥራ ዘጠኝ ያረጁ አህዮች፣ አንደኛው አንድ ዓይና፣ አንድ የማዘጋጃ ቤት ጡረተኛ ይጦራሉ።