አባባ ኤኬሃርትና የማይለወጠው ቀይ መብራት

ሕግ ሲጻፍ ቀለም ያቀበለ የሚመስል ሰው በየቤተሰቡ አንድ አይጠፋም። አገር ሁሉ ተኝቶ እሱ ብቻ ቢነቃ እንኳ፣ ያለ ምስክር ሕግ ሲያከብር ያድራል። እንዲህ ያለው ሰው በሩቁ ሲያዩት ያስከብራል፤ ከሁለት ሕፃናት ጋር ሽርሽር ይዘውት ሲወጡ ግን ያስለቅሳል።

በእኛ በኤርፉርት ከተማ ለአንኬ የደረሷት፣ የባሏ አባት፣ ክቡር አባባ ኤኬሃርት ናቸው። በባቡር ጣቢያ ሠላሳ ስምንት ዓመት አገልግለው ጡረታ ወጥተዋል፤ ጣቢያው ግን ከእሳቸው ገና አልወጣም።

አንኬ ነርስ ናት። በወር አንዲት ቅዳሜ ብቻ ታርፋለች፤ ያችንም ቅዳሜ ለልጆቿ፣ ለስድስት ዓመቷ ሄዳና ለአራት ዓመቱ ዮሪስ ሰጠቻት። ሐሳቧ ቀላል ነበር። ከተማውን ሲንሸራሸሩ ውለው በዘጠኝ ሰዓት የአሻንጉሊት ቲያትር መግባት፣ በቃ። ትርኢቱ የዓመቱ የመጨረሻ ነው። ሄዳ ሁለት ጊዜ በትኩሳት አምልጧት፣ የትርኢቱን ዘንዶ ሳላይ ሊሄድብኝ ነው እያለች ስታለቅስ ከርማለች። የዚያ ቲያትር በር ደግሞ አንዴ ከተዘጋ ለንጉሥም አይከፈትም።

አባባ ኤኬሃርት «ዛሬ እንግዲህ ዘና የምንልበት ቀን ነው» ብለው በሩን ያንኳኩት ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። መዝናናቱን በየሩብ ሰዓቱ ከፋፍለው የጻፉበትን ወረቀት በኪሳቸው ይዘዋል።

ትራም ላይ ቲኬት ተቆጣጣሪው ሄዳን ዐይቶ፣ ሕፃን ናት፣ አትከፍልም ብሎ ሊያልፍ ሲል ጠርተው መለሱት። ከትናንት በስቲያ ስድስት ዓመት እንደ ሞላት አስረድተው፣ የቆረጡላትን ቲኬት አሳዩት። ሰውየው ራሱ አፈረ። ወንዙ ዳር ካለው መጫወቻ ደርሰው ዮሪስ ሸርተቴው ላይ ሲወጣ የሰባት ሰዓት ደወል ተደወለ። የቀትር ዕረፍት ገብቷል፣ ጎረቤት ተኝቷል ተባለና ልጁ በሹክሹክታ እንዲንሸራተት ታዘዘ። የአራት ዓመት ልጅ በሹክሹክታ እንዴት እንደሚንሸራተት የሚያውቅ ካለ ይንገረን። ቋሊማ የበሉበት ወረቀትማ ሰናፍጭ ነክቶታል፤ ከወረቀት ጋር እንዳይጣል ቆሻሻ፣ ከቆሻሻ ጋር እንዳይጣል ወረቀት ሆነባቸውና በኮታቸው ኪስ ይዘውት ዋሉ።

አንኬ አፏን በከፈተች ቁጥር መልሳቸው አንዲት ነበረች፤ «ልጆች ያያሉ።» ለራስ ምታትም ለቁርጠትም የሚታዘዝ አንድ መድኃኒት።

ለዘጠኝ አሥራ ሁለት ደቂቃ ሲቀር፣ ቲያትሩ ጋ ለመድረስ የሦስት ደቂቃ መንገድ ሲቀራቸው፣ አንድ ማቋረጫ ላይ ደረሱ። መብራቱ ቀይ ነው። ቆሙ። መንገዱ ለጥገና ከላይም ከታችም በአጥር ከታጠረ ሁለት ሳምንት ሆኖታል፤ መኪና ቀርቶ ጋሪ አያልፍበትም። መብራቱን ግን ያጠፋው የለም፤ ተበላሽቶ በቀይ ቀርቷል።

«አባባ፣ መኪና እኮ የለም» አለች አንኬ።

«አያለሁ።»

«መንገዱ ራሱ ዝግ ነው።»

«መብራቱ አልተዘጋም። ልጆች ያያሉ።»

ማዶ አንዲት አሮጊት ከነውሻቸው መጥተው ቆሙ። ቀጥሎ ብስክሌት የሚገፋ ጎረምሳ መጣ። እግሩን ሊያነሣ ሲል አሮጊቷ በአገጫቸው ወደ ሕፃናቱ ጠቆሙት፤ ጆሮው ቀልቶ እግሩን መለሰ። በዚህም በዚያም ሰው ተጠራቀመ። ሕፃናቱ ባይኖሩ ሁሉም ዱሮ በተሻገረ ነበር። አሁን ግን ባዶ መንገድ መካከል አድርጎ ጎራ ለይቶ ይተያያል።

የአንኬ ደም ፈላ። እኚህ ሰው እኮ፣ አለች በሆዷ፣ የገነት በር ተከፍቶ ቢጠብቃቸው ደወሉ አልተደወለም ብለው ደጅ ያድራሉ። የመጣው ይምጣ ብላ አንድ እግሯን አነሣች። ማዶ ያሉት አሮጊት ቀና ብለው አዩዋት። እግሯ ማንም ሳያዘው በራሱ ተመለሰ። ይኸ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ አናደዳት፤ ለካ እሷም የዚሁ ከተማ ልጅ ናት።

ለዘጠኝ አምስት ጉዳይ ሆነ። ሄዳ ብታለቅስ ይሻል ነበር፤ አላለቀሰችም። የአያቷን እጅ እንደ ያዘች ቀና ብላ፣

«አያቴ፣ ዘንዶው ለከርሞ ይኖራል?» አለች።

አባባ ኤኬሃርት መብራቱን አዩ፣ ሰዓታቸውን አዩ፣ መብራቱን ደግመው አዩ። አንኬ በስምንት ዓመት ትዳሯ የአማቷ አንገት እንዲህ ሲቀላ አይታ አታውቅም። ከዚያ እየከበዳቸው ጎንበስ አሉ።

«ልጆች፣ ዓይናችሁን ጨፍኑ።»

«ለምን?» አለ ዮሪስ።

«እንዳታዩ።»

ሁለቱም ጨፈኑ። አሮጊቷ ፊታቸውን ወደ ውሻቸው መለሱ፤ ጎረምሳው ሰማዩ ላይ የሚታይ ነገር አገኘ። አባባ ኤኬሃርት አንዱን በቀኝ፣ አንዷን በግራ ይዘው፣ ቀዝቃዛ ወንዝ እንደሚገባ ሰው እግራቸውን አስፋልቱ ላይ አሳረፉ።

መካከል ላይ ሲደርሱ ዮሪስ «አያቴ፣ አረንጓዴ ሆነ?» ሲል ጠየቀ።

ሽማግሌው ዋሽተው አያውቁም።

«ልንደርስ ነው፣ የኔ ልጅ» አሉ።

ቀኑን ሙሉ በጉሮሮዋ ስታደራጀው የዋለችው ንግግር ከአንኬ ጠፋ። የቀረው የሦስት ደቂቃ መንገድ ነው፤ ይደርሳሉ። አሁን ዞር ቢሉ ግን ስታያቸው ሊያገኟት ነው። ሮጥ ብላ የኮታቸውን ጫፍ ከኋላ ያዘችና እሷም ዓይኗን ጨፈነች።